«ጁልየስ ቄሳር»ን ከብቻ ንግግሮቹ ተነስቶ ማንበብ፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የሼክስፒርን «ጁልየስ ቄሳር» ለትምህርት፣ ለንባብ ክበብ ወይም ለመድረክ ልምምድ ለያዙ ሰዎች ነው። ታሪኩን አብዛኛው ሰው በወሬም ቢሆን ያውቀዋል፤ ቄሳር በወዳጆቹ ይወጋል፣ የቄሳር ታማኝ የነበረው አንቶኒ ሕዝቡን ያነሳሳል፣ ከወጊዎቹ አንዱ የሆነው ብሩተስ ይሸነፋል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መጨረሻውን አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ አንዱ ሌላውን እንዴት እንዳግባባ ልብ ሳይል ያልፋል። ቄሳር በሕይወት ሳለ የሚታየው በሦስት ትዕይንቶች ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ገቢር እንደገባም ይሞታል። የቀረውን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው አንዱ ሌላውን ሲያግባባ፣ ሲያባብልና ሲሸነግል ነው።

ዘዴው ይህ ነው፦ አግባቢው ብቻውን ሲቀር የሚናገረውን አስቀድመው ያንብቡ፤ ከዚያ ወደ ማግባባቱ ይመለሱ። እንዲህ ሲነበብ አንድ ነገር ደጋግሞ ይታያል። በዚህ ተውኔት ውስጥ ማንም በሌላው ክርክር ብቻ ተረትቶ አይወድቅም። የጎደለውን የሚሞላው ሲያግባቡት የሚሰማው ሰው ራሱ ነው።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉንና ጥቂት ታሪክ ያዘጋጁ

የመስመር ቁጥር ያለው እትም ይያዙ፤ ወደ ኋላና ወደ ፊት ስለሚመላለሱ ያለ ቁጥር ይቸገራሉ። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1599 ገደማ የተጻፈ ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 21 ቀን ቶማስ ፕላተር የተባለ ስዊዛዊ መንገደኛ ለንደን ውስጥ ስለ ቄሳር የሚናገር ቴአትር ማየቱን ጽፏል። የታተመው ግን ደራሲው ከሞተ በኋላ፣ በ1623 ነው። ሼክስፒር ታሪኩን የወሰደው ቶማስ ኖርዝ በ1579 ወደ እንግሊዝኛ ከመለሰው ከፕሉታርክ ነው። ፕሉታርክን ቀድመው አያንብቡ፤ ተውኔቱን ጨርሰው ቢያነጻጽሩ ይሻላል።

ከታሪኩ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ቄሳር የተገደለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ማርች 15 ቀን ነው። ብሩተስና የሴራው ጠንሳሽ ካሲየስ የተሸነፉት በ42 በፊልጵስዩስ ነው፤ ያችው የሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተላከባት ከተማ። በእውነተኛው ታሪክ እዚያ ሁለት ውጊያዎች በሳምንታት ልዩነት ተደርገዋል፤ ሼክስፒር ግን በአንድ ቀን አጨናንቋቸዋል።

ተውኔቱ ጎላ አድርጎ የማይነግረን፣ ለብሩተስ ልብ ግን ቁልፍ የሆነ ነገር አለ። የብሩተስን አባት ያስገደለው የጦር መሪው ፖምፔ ነበር። ቄሳርና ፖምፔ ሲዋጉ ግን ብሩተስ ከአባቱ ገዳይ ጎን ተሰለፈ፤ መርሕ ይበልጣል ብሎ። በ48 በፋርሳሉስ ቄሳር ድል ሲያደርግ ማረው፣ አቀረበው፣ ሾመው። ስለዚህ ተውኔቱ ሲከፈት ብሩተስ የሥጋ ዝምድናን አንድ ጊዜ ለሀገር ጉዳይ የሠዋ፣ አሁን ደግሞ የምሕረት ባለዕዳ የሆነ ሰው ነው። ሁለት ልብ የመሆኑ ነገር በካሲየስ አልተጀመረም።

ደረጃ 2፦ አራቱን የብቻ ንግግሮች ብቻ ያንብቡ

ከመጀመሪያው ገጽ አይጀምሩ። በቅድሚያ እነዚህን አራት ቦታዎች ፈልገው ያንብቡ፦ በገቢር 1 ትዕይንት 2 መጨረሻ ካሲየስ ብቻውን ሲቀር፤ በገቢር 2 ትዕይንት 1 ብሩተስ በሌሊት በአትክልቱ ስፍራ ሲናገር፤ በገቢር 3 ትዕይንት 1 አንቶኒ ከሬሳው ጋር ሲቀር፤ በገቢር 3 ትዕይንት 2 ደግሞ ሕዝቡ እየጮኸ ከሄደ በኋላ አንቶኒ የሚላትን ሁለት መስመር።

በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ይህ ሰው ከደቂቃዎች በፊት በሰው ፊት ያልተናገረው ምንድን ነው? መልሱን አጭር ያድርጉት። ቀሪው ሥራ በዚህ ወረቀት ላይ ይመሠረታል።

ደረጃ 3፦ ካሲየስ ብሩተስን ሲይዘው

ካሲየስ ብቻውን ሲቀር የሚለው አስደንጋጭ ነው። ብሩተስ ክቡር ሰው ነው፣ ይላል፤ ቢሆንም ከተፈጠረበት ባሕርይ ሊጣመም እንደሚችል አየሁ፤ ለዚህ ነው ክቡራን ከመሰሎቻቸው ጋር ብቻ መዋል ያለባቸው፤ የማይታለል ማን አለ? ቀጥሎ ቄሳር እሱን እንደሚጠላው፣ ብሩተስን ግን እንደሚወደው ይናገራል። ከዚያም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ የተጻፉ፣ ከብዙ ዜጎች የመጡ የሚመስሉ ደብዳቤዎችን በብሩተስ መስኮት ሊወረውር ያቅዳል።

ይህን ይዘው ወደ ትዕይንቱ መጀመሪያ ይመለሱ። ካሲየስ ወዲያው ወደ ቄሳር አይሄድም። የሚጀምረው በቅሬታ ነው፤ ሰሞኑን ፊትህ ጠቁሮብኛል ይለዋል። ቀጥሎ ዓይን ራሷን አታይም፣ እኔ መስታወት ልሁንህ ይላል። ከውጭ የሕዝብ ጩኸት ይሰማል። ብሩተስ ሳያስበው «ሕዝቡ ቄሳርን ንጉሥ እንዳያደርገው እፈራለሁ» የሚል ቃል ያመልጠዋል። ካሲየስ ቃሏን ከአየር ላይ ይቀልባታል፦ ትፈራለህ? እንግዲያው እንዲሆን አትፈልግም ማለት ነው። ብሩተስ ይመልሳል፦ አልፈልግም፤ ቢሆንም በጣም እወደዋለሁ።

እዚህ መስመር ላይ እርሳስዎን ያሳርፉ። የተውኔቱ መሰንጠቂያ ይህቺ ናት። ብሩተስ ወዲያው ይቀጥልና ክብርን በአንድ ዓይኔ፣ ሞትን በሌላው ብታኖርልኝ ሁለቱንም እኩል አያቸዋለሁ ይላል። በምን እንደሚጠመድ ራሱ ተናገረ ማለት ነው። የካሲየስ ቀጣይ ንግግር የሚጀምረው እንዴት ነው? የማወራህም ስለ ክብር ነው በማለት።

አሁን ካሲየስ ያቀረባቸውን «ማስረጃዎች» ይዘርዝሩ። ቄሳር በቲቤር ወንዝ ዋና ሲወዳደር ደክሞት ካሲየስ እየተሸከመ አወጣው። ስፔን ውስጥ ንዳድ ይዞት እንደታመመች ልጃገረድ ውኃ ስጡኝ አለ። ከሁለቱ አንዱም ቄሳር ሕግ ጣሰ፣ ሰው በደለ አይልም። የሚሉት ሁሉ አንድ ነው፤ ይህ ሰው ከእኔ አይበልጥም። ካሲየስ የሥልጣን ጥምን ይወነጅላል፤ የሚያቃጥለው ግን የሌላው ከፍታ ነው።

ቢሆንም ካሲየስን አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ብሎ መዝጋት ስህተት ይመስለኛል። ከዚህ በኋላ ብሩተስ በወሳኝ ጉዳዮች ላይ ደጋግሞ ያሸንፈዋል። አንቶኒም ይገደል ሲል ብሩተስ እምቢ አለ። አንቶኒ በቀብሩ እንዳይናገር ሲል እምቢ አለ። ወደ ፊልጵስዩስ አንውረድ፣ ጠላት ይምጣብን ሲል እምቢ አለ። በሦስቱም ልክ የነበረው ካሲየስ ነው፤ በሦስቱም የተረታው እሱ ነው። ብሩተስን ለመያዝ የዘረጋው መረብ ውስጥ ራሱ ገብቷል፤ ብሩተስን ይወደዋልና።

ደረጃ 4፦ የብሩተስ ሌሊት

እዚህ ጊዜ ይውሰዱ፤ ደጋግመው ያንብቡት። ብሩተስ ንግግሩን የሚጀምረው በውሳኔው ነው፦ መሞት አለበት። ምክንያት የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ዳኛ ፍርዱን ሰጥቶ ምስክር ሲጠራ እንደማለት ነው።

በቀይ እርሳስ «ምናልባት»፣ «ይሆናል»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚል ትርጉም ያላቸውን ቃላት ሁሉ ያስምሩ። በጥቁር ደግሞ ብሩተስ ያየውን፣ በእርግጥ የሚያውቀውን ያስምሩ። ጥቁሩ ጥቂት ነው፤ የተገኘውም ለቄሳር ይመሰክራል። በግሌ ልጠላው ምክንያት የለኝም ይላል። ስሜቱ ከአእምሮው ሲበልጥ አይቼ አላውቅም ይላል። የቀረው ሁሉ ቀይ ነው፦ ዘውድ ቢጭን ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። አሁን ያለው ሁኔታ ክስ ስለማይቆምበት እንዲህ እናብጀው ብሎ ራሱን ይመክራል፣ ከዚያም ቄሳርን ገና ያልተፈለፈለ የእባብ እንቁላል ያደርገዋል። በቅርፊቱ ውስጥ ሳለ ይገደል።

ወዲያው ሉሲየስ የተባለው ብላቴና በመስኮት በኩል የተገኘ ደብዳቤ ያመጣለታል። እኛ ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ደብዳቤው ብሩተስ ተኝተሃል፣ ንቃ ይላል፤ ከዚያ «ሮም እንዲህ...» ብሎ ይቋረጣል። ልብ ይበሉ፤ ሐሰተኛው ደብዳቤ ዓረፍተ ነገሩን አይጨርስም። ብሩተስ ይህን ልገጣጥመው ይልና ራሱ ይጨርሰዋል፦ ሮም በአንድ ሰው ፍርሃት ሥር ትኑር? ቀጥሎ አያቶቼ ንጉሡን ታርኩዊንን ከሮም አባረዋል ይላል። ካሲየስ ቀን ላይ የጠቀሰለትን የአያት ስም አሁን ራሱ ለራሱ ያመጣዋል። ካሲየስ ቤቱ የለም፤ ሥራው ግን እየተሠራ ነው።

ተዋናይ ከሆኑ ይህን ደብዳቤ አያጣድፉት። ወረቀቱ የሚያልቅበትና የብሩተስ ድምፅ የሚጀምርበት ቦታ ለተመልካች መለየት አለበት።

ደረጃ 5፦ ሁለቱ ሚስቶች እና ዴሲየስ

ይህን ፈጠን ብለው ይለፉት። ፖርሺያ ብሩተስን ምሥጢሩን እንዲነግራት ትለምነዋለች፤ ጽናቷን ለማሳየት ጭኗን ራሷ አቁስላለች። እሺ ያሰኘችው ይመስላል። ካልፐርኒያም በሕልሟ የቄሳር ሐውልት ደም ሲያፈስ አይታ ቄሳርን ቤት ታስቀረዋለች፤ ለጥቂት ደቂቃ። ከሴረኞቹ አንዱ የሆነው ዴሲየስ መጥቶ ያንኑ ሕልም ወደ መልካም ይፈታዋል፣ ሴኔቱ ዛሬ ዘውድ ሊሰጥህ ነው ይላል፣ ሚስቱ የተሻለ ሕልም እስክታይ ሴኔቱ ይበተን እንዳይሉህ ብሎ በፌዝ ይጨምራል። የዴሲየስን ትዕይንት ከማንበብዎ በፊት በሴረኞቹ የሌሊት ስብሰባ የተናገረውን ይዩ፦ ቄሳርን ሽንገላን ትጠላለህ ስለው አዎን ይላል፤ ያኔ ነው ክፉኛ የተሸነገለው።

ደረጃ 6፦ ሁለቱ ንግግሮች፣ ከሕዝቡ በኩል

አብዛኛው ሰው የአንቶኒን ንግግር በቃሉ ይይዛል፤ የሕዝቡን መልስ ግን ማንም አያነብም። እዚህ የሕዝቡን መስመሮች ብቻ ነቅለው በተርታ ይጻፏቸው።

ብሩተስ በዝርው ይናገራል፤ በተመጣጠነ፣ በተቆጠበ ቃል። ቄሳርን አንሼ በመውደዴ ሳይሆን ሮምን አብልጬ በመውደዴ ነው ይላል። ባሪያ መሆን የሚፈልግ አለ? ካለ ይናገር፣ የበደልኩት እሱን ነው። የሥልጣን ጥመኛ ነበርና ገደልኩት። አንድም ማስረጃ አላቀረበም፤ ክብሬን እመኑ ነው የሚለው። የሕዝቡ መልስ ምንድን ነው? እሱ ቄሳር ይሁን! የሚል ድምፅ ይሰማል። ንግሥናን ለማስቀረት ሰው የገደለው ሰው ሊነግሥ ይጠራል። አንድም ቃል አልገባቸውም፤ ብሩተስም ይህን አልሰማም። ይባስ ብሎ አንቶኒን ስሙ ብሎ ቦታውን ጥሎ ይሄዳል። በእኔ ግምት ጦርነቱን የተሸነፈው እዚህ ነው።

የአንቶኒን የብቻ ንግግር ያስታውሱ፤ ከሬሳው ጋር ሲቀር ከእነዚህ አራጆች ጋር ለስልሻለሁና ይቅር በለኝ ብሎ፣ በጣሊያን ምድር የእርስ በርስ ጦርነት እንደሚፈነዳ ተንብዮአል። ብሩተስ የሰጠው ገደብ እኛን እንዳትወቅስ፣ ቄሳርን ብታመሰግንም በፈቃዳችን መሆኑን ተናገር የሚል ነበር። አንቶኒ ገደቡን በፊደል ይጠብቃል፦ በብሩተስ ፈቃድ መጣሁ፣ ብሩተስ ክቡር ሰው ነው።

አሁን በሦስት ቦታ ይቁሙ።

የመጀመሪያው ዝምታው ነው። አንቶኒ ቄሳር ምርኮኞችን አምጥቶ ቤዛቸውን ለግምጃ ቤት እንዳስገባ፣ ድሃ ሲያለቅስ እንዳለቀሰ፣ ዘውዱን ሦስት ጊዜ እንደመለሰ ይናገራል። ክቡር የምትለዋ ቃል በእያንዳንዱ ዙር ወደ ሽሙጥ ትቀርባለች። ከዚያ ልቤ ከቄሳር ጋር ሬሳ ሳጥን ውስጥ ነው ብሎ ያቆማል። ማልቀሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን በዚያ ዝምታ ሕዝቡ እርስ በርሱ መነጋገር ይጀምራል። ቅድም ቄሳር አምባገነን ነበር ሲሉ የነበሩት አሁን አባባሉ እውነት አለው ይባባላሉ። መደምደሚያውን አንቶኒ አልተናገረም። እነሱ ናቸው የደረሱበት።

ሁለተኛው ኑዛዜው ነው። ያሳያል፣ አያነብም። ወራሾቹ መሆናችሁን ባታውቁ ይሻላል ይላል፤ በመከልከሉ ውስጥ ነገረ።

ሦስተኛው ካባው ነው፤ በቅርብ የሚታይ ነገር። ቄሳር ይህን ካባ መጀመሪያ የለበሰው ነርቪ የተባለውን ነገድ ድል ባደረገ ማታ ነው ብሎ ይጀምራል፤ ከዚያ ቀዳዳዎቹን በጣቱ እያሳየ፦ በዚህ የካሲየስ ጩቤ ገባ፣ ይህን የቀደደው ሌላው ሴረኛ ካስካ ነው፣ በዚህ የተወደደው ብሩተስ ወጋ። አሁን ወደ ግድያው ትዕይንት ይመለሱ። ጩቤዎቹ ሲወጡ አንቶኒ የት ነበር? ከሴረኞቹ አንዱ ትሬቦኒየስ አስቀድሞ ከስፍራው ወስዶታል። የቱ ቀዳዳ የማን እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። ይህን የሚጠይቅ ግን በአደባባዩ ላይ አንድም ሰው የለም፤ አብዛኛው አንባቢም አይጠይቅም።

ሕዝቡ ሊያቃጥል ሲሮጥ አንቶኒ መልሶ ይጠራዋል፤ ኑዛዜውን ረሳችሁ። ለእያንዳንዱ ሮማዊ 75 ድራክማ፣ በቲቤር ዳር ያሉ የቄሳር አትክልት ስፍራዎችም ለሕዝብ። ሲሄዱ ብቻውን ይቀራል፦ አሁን ይሥራ፤ ጥፋት ሆይ፣ ተነሥተሻል፤ የፈለግሽውን መንገድ ያዢ። ቀጥሎ ሕዝቡ ሲና የተባለ ባለቅኔ ይይዛል። በስሙ ምክንያት ከሴረኞቹ አንዱ ይመስለዋል። ባለቅኔው ነኝ ቢልም እንግዲያው በመጥፎ ግጥሙ ይገነጣጠል ይሉታል። በመድረክ ሥራ ይህን አጭር ትዕይንት ቆርጦ ማውጣት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር፤ እርስዎ አይቁረጡት።

ደረጃ 7፦ ኑዛዜውን ይከተሉ

ይህን ብዙ ሰው ያልፈዋል። በገቢር 4 ትዕይንት 1 አሁን ሮምን የያዙት ሦስቱ ገዥዎች፣ አንቶኒ፣ ኦክታቪየስና ሌፒደስ፣ ተቀምጠው የሚገደሉትን ሰዎች ስም ምልክት ያደርጋሉ። ሌፒደስ ወንድሙን ይሰጣል፣ አንቶኒ የእህቱን ልጅ። ቀጥሎ አንቶኒ ሌፒደስን ወደ ቄሳር ቤት ይልከዋል፤ ኑዛዜውን አምጣ፣ ከውርሱ የምንቀንሰውን እንይ። ሕዝብ ያለቀሰበት ያ ወረቀት! ሌፒደስ ከበር እንደወጣም አንቶኒ ከአህያ ጋር ያመሳስለዋል። በደረጃ 2 ወረቀትዎ ላይ ከአንቶኒ ስም አጠገብ ይህን ይጨምሩ።

ደረጃ 8፦ የድንኳኑ ጠብ

ብሩተስ ካሲየስን ጉቦ ትቀበላለህ ብሎ ያዋርደዋል፤ ቄሳርን የገደልነው ለፍትሕ አልነበረም? ይላል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ወርቅ እንድትሰጠኝ ልኬብህ ከለከልከኝ፣ እኔ በረከሰ መንገድ ገንዘብ ማግኘት አልችልም ብሎ ይቆጣል። ሁለቱን ንግግሮች ጎን ለጎን ይጻፉ። ገንዘቡን ይፈልጋል፤ እጁ ግን እንዲነካው አይፈልግም። ብሩተስን እወደዋለሁ፤ ይህን ትዕይንት ሳነብ ግን እንደ ካሲየስ ያናድደኛል።

ደረጃ 9፦ በቡድን ይሞክሩት

ክበብ ካላችሁ ተራ በተራ እንደ ብሩተስ፣ እንደ ካሲየስ፣ እንደ አንቶኒ ሆናችሁ ተከራከሩ፤ ጥያቄው አንድ ይሁን፦ ቄሳር የሥልጣን ጥመኛ ነበር? ማስረጃው ከጽሑፉ ብቻ ይምጣ። ዘውዱ ሦስት ጊዜ መሰጠቱን የምንሰማው ከካስካ ወሬ ነው፤ ካስካ ደግሞ ቄሳር ዘውዱን ሲገፋው እጁ ወደኋላ ይቀር ነበር ይላል። አንቶኒ ያንኑ ድርጊት እንደ ትሕትና ያቀርበዋል። ቄሳር ራሱ ሊሞት ሲል እንደ ሰሜን ኮከብ የማልነቃነቅ ነኝ ይላል፤ ይህም ለከሳሾቹ ይጠቅማል።

ሰዎች ከዚህ ተውኔት ይዘው የሚወጡት በጣም ይለያያል። ጁልየስ ኔሬሬ በ1963 ወደ ስዋሂሊ ተረጎመው። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ቤት በእስረኞች መካከል በሚዞር የሼክስፒር መጽሐፍ ላይ በዲሴምበር 1977 ስሙን የፈረመው፣ ፈሪ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይሞታል በሚለው በቄሳር ንግግር አጠገብ ነው። ጆን ዊልክስ ቡዝ ደግሞ በኖቬምበር 1864 ኒውዮርክ ውስጥ ከሁለት ወንድሞቹ ጋር በዚህ ተውኔት አንቶኒን ሆኖ ተጫወተ፤ ከወራት በኋላ ሊንከንን ተኮሰ።

ደረጃ 10፦ የመጨረሻውን ውዳሴ በሁለት መንገድ ያንብቡ

ብሩተስ ከሞተ በኋላ አንቶኒ በሬሳው ላይ ቆሞ ከሁሉም ክቡር የሆነው ሮማዊ ይህ ነበር ይላል፤ ሌሎቹ በቅናት ገደሉ፣ እሱ ብቻ ለሕዝብ ጥቅም አስቦ። ክቡር የምትለዋ ያቺው ቃል፣ አሁን ያለ ሽሙጥ። እውነቱን ነው? ከአደባባዩ በኋላ አንቶኒ አንድም ጊዜ ብቻውን ሆኖ አይናገርም፤ ስለዚህ እስካሁን የተጠቀምንበት ዘዴ እዚህ አይሠራም። አጠገቡ ደግሞ ኦክታቪየስ ቆሟል፤ ከውጊያው በፊት በየትኛው ክንፍ እንደሚሰለፍ አንቶኒ ሲያዝዘው እምቢ ያለው ወጣት። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረውም፣ የብሩተስ አስከሬን የት እንደሚያድር የሚያዝዘውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንቶኒ ወደ ሬሳው፣ ሌላ ጊዜ ወደ ኦክታቪየስ እያየ እንዲናገር አድርገው ያንብቡት፤ ከዚያ የትኛው እንደሚሻል ክበቡ ይከራከርበት።